የኡስታዝ ቡሽራ አራት ደጋኖች

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት አንድ ድስት ወጥ ለማማሰል ስንት ማማሰያ ያስፈልጋል? አንድ፣ አይደል? የምሠራበት ቤት እመቤት ሐጃ ኢቅባል የደረቀ ባሚያ ወጣቸውን የሚመቱባት አንዲት ሙፍራካ አለቻቸው። ሙፍራካ ማለት ጫፏ ሹካ የሆነች፣ በሁለት መዳፍ መሀል እያሽከረከሩ ወጡን የሚመቱባት እንጨት ናት። ከተዳሩ ጀምሮ ያቺው ናት። ወጡ አልጣፈጠም ሲባል ሙፍራካዋ ተወቅሳ አታውቅም። የምወቀሰው እኔ ነኝ።

ባላቸው ኡስታዝ ቡሽራ ግን ለአንድ መሣሪያ አራት ዱላ አላቸው። አዎ፣ አራት። በእነዚህ አራት ዱላዎች ሰበብ የገዛ ልጄ ኒካህ ሊያመልጠኝ ነበር። እናንተ ተረጋግታችሁ ስሙኝ፤ እኔ እንኳ ይህን ነገር ተረጋግቼ ማውራት አልችልም።

ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የወሎ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። ካርቱም ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ ስምንቱንም እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር እዚሁ ቤት ነው የቆየሁት። የምላችሁ መሣሪያ ኮንትራባስ ይባላል። ቫዮሊን ታውቃላችሁ አይደል፣ አገጭ ሥር የሚሸጎጠውን? እሱን ከእኔ ቁመት እስኪበልጥ አሳድጉት። ቆመው፣ አቅፈው ነው የሚጫወቱት። ሳሎን ጥግ ላይ ቆሟል። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ የካርቱምን አቧራ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠርጌ ዞር ሳልል ተመልሶ ይተኛበታል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን መብራት ጠፍቶ ስገባ እንግዳ መስሎኝ አሰላሙ ዐለይኩም ብዬዋለሁ። ዝም ሲለኝ ትዕቢተኛ ብዬ ወጣሁ።

ኡስታዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ነገር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲጫወቱም ኖረዋል፣ ግን ሁልጊዜ ከኋላ። ዘፋኙ ፊት፣ ቫዮሊኖቹ ቀጥለው፣ እሳቸው መጋረጃው ጋ። በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አንድም ቀን ግን ከክርኔ ሌላ የታየ ነገር የለም ይላሉ። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት፣ ሲሉት ግን አይስቁም።

ታዲያ አንድ ቀን የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው መጡና አንድ ምሽት ለእርስዎ ብቻ እናዘጋጃለን አሏቸው። ፊት ቆመው፣ ብቻዎን ይጫወታሉ፤ እርስዎ ብቻ ቀን ይቁረጡልን። ኡስታዝ እንባ አቀረሩ። እኔም የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበርና ደስ አለኝ። ምናለ ያን ጊዜ ትሪውን በላያቸው ደፍቼ ነገሩን ባስቀረሁት ኖሮ። ደጋኑን ልምረጥና ቀኑን እቆርጣለሁ፣ ኢንሻላህ አሉ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ሉባባ ደወለች። ታጭታለች። በአሥር ዓመቷ ነው ትቻት የወጣሁት፣ እናቴ ጋ። አሁን ለባል ደረሰች። ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ሐጃ ሄድኩ። ሐጃ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የኡስታዝ ምሽት ሲደርስ እህቶቻቸው ከመደኒ ከተማ ይመጣሉ፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ አንቺ ከሌለሽ እኔ ምን ይውጠኛል አሉ። ዝግጅቱ ይለፍና ሂጂ። ዝግጅቱ መቼ ነው? ኡስታዝ ቀን ሲቆርጡ። ቀን መቼ ነው የሚቆርጡት? ደጋን ሲመርጡ። አያችሁልኝ? የልጄ ኒካህ በፈረስ ጭራ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደጋን ስላችሁ የማሲንቆውን መምቻ አስቡ። እንጨት አለ፣ እንጨቱ ላይ የፈረስ ጭራ ተወጥሯል፣ ጭራው ክሩን ሲፈገፍገው ድምፅ ይወጣል። በቃ። እኔ በቃ ይመስለኝ ነበር። ኡስታዝ ግን ድምፁ ከዚህ ትልቅ ሳጥን ብቻ የሚወጣ እንዳይመስልሽ፣ ግማሹ ያለው ደጋኑ ላይ ነው ይላሉ። አንደኛው ከባድ ነው፤ መዳፍን ወደ ላይ አድርገው እንደ መጋዝ ነው የሚይዙት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ለመነሣት ይዘገያል፤ እስኪጀምር አንድ ራስ ሽንኩርት ይከተፋል። ሌላው ቀለል ያለ ነው፣ ከላይ ነው የሚያዘው፣ ፈጣን ነው፣ ይለፈልፋል፤ ታች ያለው ወፍራም ክር ላይ ሲደርስ ግን ጉልበት ያጥረዋል። ሦስተኛው ጥቁር ጭራ ነው ያለው። ጥቁር ጭራ ከነጩ ይልቅ ሻካራ ነው አሉ፣ ክሩን አንቆ ይይዘዋል፣ ገና ሲነካው ያጉረመርማል። አራተኛው ጭርሱን እንጨትም አይደል። የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ያመጣላቸው የካርቦን ነው። ሙቀት አያጣምመውም፣ ድምፁ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ኡስታዝ እሱን ሲያነሡ ፊታቸው ይጠቁራል። እንከን የሌለው ነገር አላምንም ይላሉ።

ሙከራው የሚጀምረው እኔ ምሳ ስጥድ ነው። ያ ሰዓዳ፣ አንቺ ሰዓዳ ማለታቸው ነው፣ ስሚኝ እስቲ ይላሉ ከሳሎን። አንዲት ዜማ አለቻቸው፣ ያችኑ በአራቱም ይደግሟታል። የትኛው ተሻለ? ኩሉ ተማም ያ ኡስታዝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው እላለሁ። ሁሉም ጥሩ የሚባል ነገር የለም፣ እንደገና ስሚ ይላሉ። እንደገና አራት ጊዜ። አንድ ቀን ቢመረኝ፣ ለምን ተማሪዎችዎን አይጠይቁም፣ እነሱ የተማረ ጆሮ አላቸው አልኳቸው። የተማረ ጆሮ የሚሰማው የተማረውን ነው፣ አንቺ ግን ያለውን ነው የምትሰሚው ብለው መለሱልኝ። ሐጃንስ ብል፣ ሐጃ እኔን ስለ መጋረጃ ጠይቁኝ ብለው ከተገላገሉ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። እኔ ምን ብዬ ልገላገል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልሰማም ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ነበር የምለው። ሰኞ ከባዱ እላለሁ። ማክሰኞ ሩዙ ሊያርብኝ ከሆነ መጨረሻ ላይ የመቱትን እላለሁ። ሽንኩርት ዓይኔን እያቃጠለኝ ከሆነ ቀለል ያለውን። ረቡዕ ደግሞ የካርቦኑን፣ እንዲያው እንዲናደዱ ብዬ። ኡስታዝ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። በማግስቱ እንደገና ያ ሰዓዳ፣ ስሚኝ እስቲ።

የጋዝ ሲሊንደር ያመጣውን ሰውዬ ሳይቀር አንድ ቀን በር ላይ አስቁመውታል። ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ አራቱንም ሰማ። ሁለተኛው ጥሩ ነው አለ። ለምን ሲሉት፣ ቶሎ ስላለቀ አለ። እኔ ያን ሰውዬ ወደድኩት። ኡስታዝ ግን ይሄ ቸኩሏል፣ የእሱ አይቆጠርም አሉ። እኔስ አልቸኮልኩም? እኔ ልጅ የምድር ሰው ተዝናንቼ ነው የምሰማው?

እንዲህ እንዲህ ስንል ሰባት ወር ሞላ። ረመዳን ገባ። ሉባባ ደውላ እማ፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ ከኢድ በኋላ ሁለተኛው ኀሙስ ነው አለችኝ። ትመጫለሽ አይደል? ኢንሻላህ አልኳት። ልጄ የእኔን ኢንሻላህ ታውቀዋለች፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱን እየሰማች ነው ያደገችው። ስልኩን ስዘጋ ማድቤት ገብቼ ድስት ሳጥብ፣ ሳላውቀው የድስቱን ጥቁረት ብቻ ሳይሆን እጀታውንም ነቅዬዋለሁ።

ካፉሪ ሰፈር የምትሠራ ዘምዘም የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ የአገሬ ልጅ ናት። ደውዬ አለቀስኩላት። ዘምዘም ብልጥ ናት። አንቺ ሞኝ፣ አንዱን ያዢና ሌት ተቀን እሱን አመስግኚ፣ ሰውዬው እስኪያምኑ ድረስ አትልቀቂ አለችኝ። የቱን ልያዝ? ቶሎ የሚያስጨርስሽን አለች። ልክ ናት። ከባዱን ከያዝኩ ዜማዋ ራሷ ትረዝማለች። ስለዚህ ጥቁሩን ያዝኩ፣ እሱ ሲነካው ወዲያው ነው የሚነሣው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁሩ። ጠዋት ጥቁሩ፣ ቀትር ላይ ጥቁሩ። ወላሂ ያ ኡስታዝ፣ የጥቁሩን ያህል ልብ የሚነካ የለም። ምን ሆኑ መሰላችሁ? ሳምንት አልሞላም፣ ኡስታዝ ወጥተው ኸላስ፣ በቃ፣ ጥቁሩ ነው አሉ። ተማሪዎቻቸው ጋ ደወሉ። ቀኑ ተቆረጠ፤ ከኢድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ኀሙስ። ቅዳሜ አውቶቡስ ብይዝ፣ በገዳሪፍ፣ ድንበሩ ላይ በገላባት አድርጌ በአራት ቀን ሐይቅ እገባለሁ። ለኒካሁ ገና አንድ ቀን ይተርፈኛል። ዘምዘምን ደውዬ እጅሽን ልሳመው አልኳት።

ጥፋቴ አሁን ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ዕለት ነው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው። ኡስታዝ ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄደዋል፣ ሐጃ ሒና ሊያስቀቡ ወጥተዋል። ደስ ብሎኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ አጸዳለሁ፣ እንዲህ ነው የፈጠረኝ። ኮንትራባሱን ወለወልኩ። ጥቁሩን ደጋን ሳነሣው፣ ያ አላህ፣ ነጭ አቧራ ጭራው ላይ ተጋግሯል። ጭራው ደርቋል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሰባት ወር ያስለቀሰኝ ደጋን በስንት ሰው ፊት እንዲህ አመድ ለብሶ ሊወጣ?

ለብ ያለ ውሃ አቀረብኩ። በሻምፖ አጠብኩት። በጥርሰ ሰፊ ማበጠሪያ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልኩ ፈታሁት። እንዴት ያለ ፀጉር መሰላችሁ፣ ረጅም፣ ጥቁር። የሉባባ ትዝ አለኝ። ሉባባ በልጅነቷ ስትበጠር ታለቅስ ነበር፣ እኔ ደግሞ እቆጣታለሁ። ስምንት ዓመት ያንን ፀጉር አልነካሁትም። የሐጃን ካርካር አመጣሁ፤ ካርካር የሱዳን ሴቶች የፀጉር ቅባት ነው፣ ቅርንፉድ የገባበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። ሁለት ጠብታ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ እንደ ልጄ አደረግኩት። ሲያበቃ አብረቀረቀ። ጥላ ላይ ሰቅዬ ቆሜ አየሁት፣ ኩራት ተሰማኝ።

ከዐሱር ሰላት በኋላ ኡስታዝ ተስተካክለው መጡ። ደጋኑን አነሡ፣ ኮንትራባሱን አቀፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሳቡ። ምንም። እንደገና ሳቡ። ደጋኑ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ሙገሳ እጠብቃለሁ። ዓይናቸውን ገለጡና በጣታቸው ጆሯቸውን ጎረጎሩ። ያ ሰዓዳ፣ ይሰማሻል? አሉኝ። ኧረ እኔም አልሰማሁም አልኩ። አልሰሙኝም መሰል። ፊታቸው ነጣ፣ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ጆሮዬ ሄደ፣ እንደ አባቴ፣ በዚህ ሰዓት አሉ ለብቻቸው። ለተማሪዎቹ ደውዬ ልሰርዝ ብለው ስልካቸውን አወጡ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ሽማግሌ ሰው ደንቆሮ ሆንኩ ብሎ ሲያምን ቆሞ ማየት አይቻልም፣ ደግሞም ከሰረዙ እኔም ቀረሁ። ያ ኡስታዝ፣ አጠብኩት አልኳቸው። ምኑን? ደጋኑን። አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ካርካር ቀባሁት። ኡስታዝ ደጋኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና አሸተቱ። ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ሙሽራ ሙሽራ ይሸታል አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያ አቧራ የመሰለሽ ሙጫ ነው አሉኝ በቀስታ። ጭራ ብቻውን ልስልስ ነው፣ ክሩን የሚይዘው ሙጫው ነው፤ ካልያዘ ድምፅ የለም፤ ቅባት ደግሞ ከያዘውም ያስለቅቀዋል። በአላህ፣ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ከመጀመሩ በፊት ጭራው ላይ ሙጫ ሲፈትግ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ዓይኔ አይቷል፣ ራሴ ግን አልሰማም። ሐጃ ሲመጡ ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ የጠየቁት ከካርካሩ ምን ያህል ቀረ ብለው ነው።

ልናድነው ሞከርን። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሦስቴ አጠብኩት፣ በሐጃ ኮሎኛ ወለወልኩት፣ የካርቱም ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ኡስታዝ ሙጫቸውን ፈተጉበት። ሲስቡት መጀመሪያ ፉጨት፣ ከዚያ እንደ ዛገ መዝጊያ ሲጢጥ አለ። በቃ፣ ሞቷል አሉ። አዲስ ጭራ ከካይሮ ማስመጣት አለብኝ። ዝግጅቱን በአንድ ወር ላራዝመው።

አንድ ወር ሲሉ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። ያ ኡስታዝ፣ ልጄ አልኳቸው። ምን ሆነች? በሚመጣው ሳምንት ኀሙስ የኒካህ ቀኗ ነው። እሳቸው ደጋን እስኪመርጡ ድረስ መሄድ እንደማልችል ነገርኳቸው። ኡስታዝ ምንም አያውቁም ነበር። ወደ ሐጃ ዞሩ። ሐጃ ሙፍራካዋን አንሥተው ምን እንደጎደላት ማየት ጀመሩ። ኡስታዝ ስለ አራት ዱላ ሰባት ወር ጠየቅኩሽ፣ ስለ አንዲት ልጅሽ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም፣ ስሟ ማነው አሉኝ። ሉባባ አልኳቸው።

በይ ያላ፣ ሦስት ደጋን ይቀረናል፣ ቀኑ አይነካም አሉ ተነሥተው። ማድቤት ሂጂ፣ ጀርባሽን ስጪኝ። ሄድኩ። ምጣድ አልጣድኩም፣ ሽንኩርት አልነካሁም፣ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ለካ ይለያያሉ። አንዱ ቸኩሎ ያወራል፣ የሚለውን ሳትይዙት ያልፋል። አንዱ ቆንጆ ነው፣ ከጨረሰ በኋላ ግን ምን እንዳለ አታስታውሱም። አንዱ ደግሞ ዘገየ፣ እንደተለመደው ዘገየ፣ ሲነሣ ግን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። ይሄኛው ነው አልኩ። ለምን? ሌሎቹ ጆሮዬ ላይ ቀሩ፣ ይሄ እግሬ ድረስ ወረደ።

ሄጄ ባይ ከባዱ ነው። ኡስታዝ ሳቁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምወደው እሱን ነው አሉ። ደሜ ፈላ። ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ ምን ይጠብቁ ነበር አልኳቸው፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ። አንቺን አሉ። በእኔ ጆሮ አልተማመንኩም፣ ያንቺ ይመስክርልኝ ብዬ ነው። ሰኞ ከባዱን ትያለሽ፣ ልወስን ስል ማክሰኞ ሌላ ትያለሽ። እኔ የማልሰማው አንድ ነገር ትሰማለች ብዬ እንደገና እሞክራለሁ። አንዱን ደጋን ሁለት ቀን ደግመሽ ብትመርጪ ኖሮ በዚያው ሳምንት ቀን እቆርጥ ነበር። ጥቁሩን እንኳ አልወደውም፤ አንቺ ቀን በቀን ስለጸናሽበት ነው እሺ ያልኩት።

ሰባት ወር ያሰረኝን ገመድ ለካ እኔው ስገምደው ከርሜያለሁ። እስቲ አሁን በማን ልናደድ? ለዘምዘም ስነግራት ሳቋ አልቆም ብሏት ስልኩን ዘጋችብኝ።

ኀሙስ ኡስታዝ ከመጋረጃው ወጥተው ፊት ቆሙ። ፊታቸው፣ ክርናቸው፣ ሁለመናቸው ታየ። ከሐጃ ጎን ተቀምጬ ከባዱ ወለሉን አልፎ እግሬ ሥር ሲመጣ አወቅኩት። በዱላ ምክንያት አለቀስኩ፣ ለማንም እንዳትናገሩ። ሲያበቁ ሰው ከቦ ይህን የመሰለ ድምፅ እንዴት አገኙ ቢላቸው፣ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ተሸፈንኩ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐጃ ለሙሽራዋ ብለው ያልተነካ አንድ ጠርሙስ ካርካር ሰጡኝ። አራት ቀን ሙሉ፣ በገላባት ፍተሻ ላይ ሳይቀር፣ እቅፌ ውስጥ ይዤው ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ነበር የማስበው። አስቀምጣታለሁ፣ ከኋላዋ እቀመጣለሁ፣ ፀጉሯን እፈታለሁ፣ እቀባታለሁ።

ረቡዕ ሐይቅ ገባሁ። ሉባባ ከበር ሮጣ ወጣች። ከእኔ ትረዝማለች። አቅፌ ስሜ ስሜ ሳበቃ እጄን ወደ ራሷ ሰደድኩ፣ በሌላው እጄ ጠርሙሱን እየከፈትኩ። ልጄ ወደ ኋላ ፈንጠር አለች። እማ፣ በአላህ እንዳትነኪው፣ አሁን ነው ከፀጉር ቤት የመጣሁት፣ ቅባት ከነካው ያበቃለታል አለችኝ።

አውቃለሁ ልጄ አልኳት፣ ጠርሙሱን እየከደንኩ። ድምፁ ይጠፋል።